ጀግናሽን ዝም አሰኚው፦ ልቦለድ ሲተች የሚያሳምነው በማን አፍ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ጠያቂዋ አስተማሪ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው። «ስለ ተዝካር ድግስ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ይደግሳል፣ ከዚያ ዕዳውን ሲከፍል ይከርማል። ዋና ገጸ ባሕርዬ ሙሉቀን ወጣት መምህር ነው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ከድንኳኑ መሃል ተነስቶ አራት ገጽ ያህል ይናገራል። ጓደኞቼ አንብበው ‹ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ስብከት ሆነብን› አሉኝ። የፍቅር እስከ መቃብሩ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሰው ሁሉ ይወደው የለም እንዴ? የእኔው ለምን ይሰለቻል? ቋንቋው አልጠነከረም? ቅኔ ልጨምርበት? ደግሞስ ልቦለድ ፊውዳሉን ከጣለ ተዝካርን መጣል እንዴት ያቅተዋል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። ልቦለድ ፊውዳሉን አልጣለም። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። በመካከሉ ተማሪው አለ፣ ወታደሩ አለ፣ የወሎ ረሃብ አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ። እዚሁ ጎጃም በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣና ደጋ ዳሞት ላይ ገበሬው መሣሪያ አንስቷል፣ መጽሐፍ አንብቦ ግን አይደለም፣ አብዛኛው ፊደል አልቆጠረም። የጎጃም ገበሬ ባለርስት ነበር። «መሬታችሁ በቀላድ ሊለካ ነው» ሲባል የሰማው ‹ርስታችሁ ሊሄድ ነው› የሚለውን ነው። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፣ በቃ ገመድ። ያቺ አንዲት ቃል ግን አንቺ በአራት ገጽ ያላገኘሽውን ኃይል አግኝታለች። ምክንያቱም ያረፈችው ሰሚው ውስጥ ቀድሞ ተኝቶ የነበረ ፍርሃት ላይ ነው። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልቦለድ ምንም አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ሰው ልማድ ብሎ የተቀበለውን ነገር ለአፍታ ከውጭ ያሳየዋል፣ ያውም ካነበበው ብቻ፣ ወይም ካነበቡለት። ለዚህ ነው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ማንበቡ ትልቅ ነገር የሆነው። መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ስንት ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል።

አሁን ጉዱ ካሳ። እዚህ ላይ ያለብሽ ስሕተት የብዙ ጀማሪ ስሕተት ነው። «ጉዱ ካሳ ይናገራል፣ ሰውም ይወደዋል፣ ስለዚህ ጀግናዬ ይናገር» ነው ነገሩ። ተመልሰሽ አንብቢው። መጽሐፉ ውስጥ ጉዱ ካሳን የሚሰማው ማነው? አገሩ «ጉዱ» ያለው እብድ ነው ብሎ ነው። የገዛ ዘመዶቹ ያፍሩበታል። የትውልድ ቆጠራው ነገር ይፈርሳል ቢል የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ወንበራቸውን አልለቀቁም፣ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ፍለጋቸውንም አልተዉም። ማለት ንግግሩ በመጽሐፉ ውስጥ ከሽፏል። እኛን የሚበላንም ይኼው ነው። እውነቱን የያዘው ሰው እብድ ተብሎ፣ እብደቱን የያዙት ጨዋ ተብለው ተቀምጠዋል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ደህና ባል የለም እየተባለ ዕድሜዋ እልፍኝ ውስጥ ያልፋል። ትችቱ ያለው እሷ ጋ ነው። የካሳ ንግግር ለቁስሉ ስም ይሰጠዋል፣ ቁስሉ ግን አስቀድሞ ታይቷል።

የአንቺ ሙሉቀን ሲናገር ምን ይሆናል? የላክሽልኝን አየሁት። «ሕዝቡ በዝምታ አዳመጠው። አንዳንዶች እንባቸውን ጠረጉ።» ኧረ! ተዝካር ላይ ጠላ የቀረበለት ሰው ተዝካር ይቅር ሲባል እንባውን ይጠርጋል? አንባቢሽ ተዝካር በልቶ ያውቃል። እዚህ ላይ እንደምትዋሺው ገባው፣ ከዚህ በኋላ የምትነግሪውን እውነትም አያምንሽም።

ቀጥተኛ ንግግር ፈጽሞ አይሠራም የሚሉም አሉ፣ እነሱም ልክ አይደሉም። የአቤ ጉበኛን አልወለድም አስቢ፣ እሱም የጎጃም ሰው ነው። ገና ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ከዚያ በላይ ፊት ለፊት የሆነ ንግግር የት አለ? ግን ተናጋሪውን ተመልከቺ። ያልተወለደ ልጅ ነው። እንደዚያ ያለ አፍ የተናገረውን ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ። መጽሐፉን ያገዱትም ለከንቱ አልነበረም። ሙሉቀን ግን መምህር ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ በሬ የለውም፣ የሚያጣው ነገርም የለም። እሱ «ተዝካር አይደገስ» ሲል ለእሱ ቀላል ነዋ!

ወደ ቋንቋው እንምጣ። አልጠነከረም ወይ ብለሻል። ከልክ በላይ ጠንክሯል። «ወገኖቼ! ይህ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ኅብረተሰባችንን እንደ ነቀርሳ እየበላው ነው!» ይላል ያንቺ ሰው። ‹ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት› የምትለውን አንባቢሽ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቷታል? ስትጠራ አጀንዳ ሊነበብ ነው ብሎ ይተኛል። ቃሏ ሐሰት ስለሆነች አይደለም፣ ያለቀች ስለሆነች ነው። ነቀርሳውም እንደዚያው ነው። ትልልቅ ቃል በደረደርሽ ቁጥር ነገሩ ይርቃል።

ማሳመን ምን እንደሆነ መማር ከፈለግሽ ደራሲ ጋ አትሂጂ፣ ሽማግሌ ጋ ሂጂ። እኔ የተማርኩት ልጅ ሆኜ፣ ዋርካ ሥር በተቀመጠ ሽምግልና ላይ ነው። የድንበር ክርክር ነበር። አንዱ ሰውዬ እውነት ነበረው፣ እኛ እረኞቹ እንኳ እናውቃለን፣ ድንጋዩን የነቀለው ሌላው እንደሆነ። እውነት የነበረው ሰው «ድንበሬ እሷ ናት፣ ነቅሎታል» ብሎ ተቀመጠ። ሌላው ተነሳ። ጋቢውን አጣፋ፣ ከአባቱ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ አባቶች ሄደ፣ ‹አባታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው› እያለ እያንዳንዳቸውን በአባታቸው ስም አሞገሰና መጨረሻ ላይ «እኔ እንኳ መሬቱ ይቅርብኝ፣ የናንተ ፍርድ እንዳይሰበር ነው የምፈራው» አለ። ፈረዱለት። አያቴ ወደ ቤት ስንመለስ «ነገር ያውቃል» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። በላ ልበልሃ የሚባል የቃል ሙግት በነበረበት አገር ማሳመንና እውነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሕፃን ልጅም ያውቃል። አንቺ ግን እውነት በእጄ ስላለ ያሳምናል ብለሽ ተነሳሽ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ይኸውልሽ፣ ዋናው ምክሬም እሱ ነው። ጥሩውን አፍ ለተቃዋሚሽ ስጪው። የሚያሳምነውን ቋንቋ፣ ጨዋታውን፣ ለዛውን፣ ሁሉንም ተዝካሩን ለሚያስደግሰው ሰው ስጪ። ተዝካር የሚደገሰው ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በደንብ ስለሚያሳምን ነው። ያንን ማሳመን ገጹ ላይ ካላሳየሽው የምትተቺው ነገር የለም፣ የምትመቺው ጭድ ነው።

ባለቤቷ የሞተባትን አዛሉን ውሰጂ። እሷን ምዕራፍ ሁለት ላይ በሦስት መስመር አልፈሻታል፣ ያሳዝናል፣ መጽሐፍሽ እኮ እሷ ናት። አርባው ሊደርስ ነው። የሟቹ ወንድም፣ አያ ታከለ እንበለው፣ ማታ ይመጣል። አይቆጣም፣ አያስፈራራም። በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጠላውን ይቀበላል፣ ልጁን «ደረስክ እኮ!» ይለዋል። ከዚያ፦

«እኔ ምን አግብቶኝ፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። ካልሆነም ይቀራል። ብቻ ወንድሜ የሰው ተዝካር ሲበላ ኖሮ የሱ ቀን ሲደርስ ደጁ ተዘግቶ ዋለ እንዳይባል ብዬ ነው።»

ይህችን ንግግር ፍቺያት። ‹ምን አግብቶኝ› ብሎ ራሱን ከነገሩ አወጣ። ‹ያንቺ ጉዳይ ነው› ብሎ ነጻነት የሰጣት አስመሰለ። ሟቹን ምስክር አድርጎ አቆመባት፣ ሟች ደግሞ አይጠየቅም። ከሁሉ የምትከፋው ግን ‹እንዳይባል› ናት። ማነው የሚለው? ባለቤት የለውም። አማርኛ ይህን ነገር ሲችልበት! ‹ይባላል›፣ ‹ተባለ›፣ ‹እንዳይባል›። አንድም ሰው ሳይኖርበት መንደሩ በሙሉ ቤቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቅድም ስለ ቀላድ ያልኩሽ እዚህ ይገጥማል። አዛሉ ውስጥ ያለው ፍርሃት ‹ሰው ምን ይለኛል› ነው፣ አያ ታከለ ደግሞ ጣቱን በትክክል እዚያ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ አንቺ ምንም አትበዪ። አዛሉ ትቁጠር። ስንት እንስራ፣ ስንት ቁና ብቅል፣ ጌሾው ከማን እንደሚበደሩት። ሁለት በሬ አላት፣ ቦራና ሌላው። ቦራ ከተሸጠ የቀረው ብቻውን አያርስም፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት አለባት፣ በመቀናጆ ደግሞ ባለቤት ለሌላት ሴት መጀመሪያ የሚያርስላት የለም፣ የሌላው ማሳ ካለቀ በኋላ ነው የሷ የሚታረሰው፣ ያኔ ዝናቡ አልፏል፣ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን የእኩል ትሰጣለች። እንዲህ አድርገሽ አትግለጪው ግን፣ እኔ የምጽፈው መልስ ስለሆነ ነው የዘረዘርኩት። አንቺ ሌሊት ተነስታ ለቦራ ጭድ ስትሰጠው አሳዪን፣ ከወትሮው አብዝታ። ይበቃል። የጎጃም አንባቢ በሬ ሊሸጥ ሲል እንደሚቀለብ ያውቃል።

ሙሉቀንስ? ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጥ። ይብላ። ሁለተኛ ዋንጫ ሲቀርብለትም በቃኝ አይበል። መጽሐፍሽ ላይ አንድም ጊዜ ሲበላ አላየሁትም፣ መልአክ ነው መሰለኝ። የሚተቸውን ነገር ከበላ በኋላ አንድ ቃል ቢናገር፣ ያቺ ቃል ከአራት ገጽ ትበልጣለች። አንባቢሽም ራሱ በልቶ ስለሚያውቅ ከሙሉቀን ጋር አብሮ ያፍራል። ከላይ ሆኖ የሚያወግዝ ሰው ጋር ግን አብሮ የሚያፍር የለም።

አንድ መሣሪያ ደግሞ ረስተሻል፣ አንቱታን። ‹አንተ›፣ ‹አንቺ›፣ ‹አንቱ›፣ ‹እርስዎ› ተራ ነገር አይደሉም፣ ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ተጽፏል። አዛሉ አያ ታከለን ሁልጊዜ አንቱ ትበለው። ከተዝካሩ ማግስት፣ ዕዳ ጠያቂው ሲመጣና አያ ታከለ «እኔ ምን አግብቶኝ» ሲል (ያችኑ ቃል መልሰሽ ስጪው፣ አሁን ትርጉሟ ተገልብጧል)፣ አንዲት ጊዜ ‹አንተ› ትበለው። ማብራሪያ አትጨምሪበት። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ጆሮው ይቆማል።

ቅኔውስ? ጎጃም ተቀምጠሽ ብትጠይቂው አይፈረድብሽም፣ የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ አጠገብሽ ናቸው። ግን ቅኔ ጌጥ መስሎሻል። ሰምና ወርቅ ለትችት የሚመቸው ስላማረ አይደለም፣ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ራሱ ስለሆነ ነው። ራሱ ያወጣውን ደግሞ ራሱ አይክደውም። ሰም ስላለው ተናጋሪውም መውጫ አለው። «እረኛ ምን አለ» እየተባለ ይጠየቅ የነበረው ለዚህ ነው፣ እረኛው ስለ ላም ነው የዘፈነው፣ ማን ይከሰዋል? እስቲ አሁን ቁጭ ብዬ የገጠምኳትን እዪ፣ የደራሲ ሥራ አይደለችም፣ ለማሳያ ናት፦

ገበያ ሳይወጣ ከኪሱ ሳይጎድል፣
ጌታዬ ሁሉን ሰው ሲገዛ ይውላል።

ኅብሯ ‹ሲገዛ› ላይ ናት፣ መሸመትም ነው፣ በሰው ላይ መሠልጠንም ነው፣ አንዱ በብር ሌላው በጉልበት። ሰሙ ብቻውን ቀልድ ሆኖ ይቆማል። ይህ ነው ሕጉ፣ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቅ የለም። ልቦለድም እንዲሁ ነው። የአዛሉ ታሪክ ተዝካር የሚባል ነገር ሰምቶ ለማያውቅ ሰው እንኳ ታሪክ ሆኖ መቆም አለበት። ሙሉቀን አፍ ላይ ቅኔ ብትጨምሪ ግን ስብከቱን በግጥም አደረግሽው፣ የባሰ ይረዝማል። ቅኔ ካስፈለገሽ ለአንዲት አልቃሽ ስጪ፣ ሁለት መስመር ብቻ፣ ትርጉሙንም ማንም እንዳይፈታው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍትሐትንና ድግስን አትቀላቅዪ። ለሞተ ሰው መጸለይ፣ ለድሃ መዘከር የሰው እምነት ነው። አንቺን ያስቆጣሽ የሚያደኸየው ድግስ ነው፣ ቄሱን ሁሉ ሆዳም አድርገሽ የሣልሽበት ምዕራፍ አምስት ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ አንባቢሽንም ግማሹን በር ላይ ይመልሰዋል። እንዲያውም አንድ ቄስ «ቆሎና ጠበል ይበቃል» ቢላት፣ እሷ ግን ቄሱን ሳይሆን አያ ታከለን ብትሰማ፣ ነገሩ እንዴት ይከብዳል!

ሁለተኛው፣ እውነተኛ ሰው ነው። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የሟቹን ወንድም ከጎረቤትሽ እንደቀዳሽው ጽፈሻል። ስም መቀየር አይበቃም። ቀበሌው ትንሽ ነው፣ የሚያነክስ እግሩን፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ የልጆቹን ቁጥር ካስቀመጥሽ ሁሉም ያውቀዋል። ስም ማጥፋት ያስከስሳል፣ ያ ቢቀር እንኳ መጽሐፍሽ ወሬ ይሆናል፣ ሰዎች ልማዱን ትተው «ስለ እገሌ ጻፈችበት» ይላሉ። ከሦስት ሰው ቀላቅለሽ አንድ ሰው ሥሪ።

ሦስተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። ኃይለኛን የሚነካ ልቦለድ ቀልድ አይደለም። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን በ1975 አሳተመ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የአንቺ ስለ ድግስ ነው፣ ልዩነቱ ገብቶኛል። ግን «ሁለተኛው መጽሐፌ ስለ ባለሥልጣናት ነው» ብለሻልና አሁኑኑ እወቂው።

ስለዚህ ምዕራፍ ሰባትን እንዲህ አድርጊው። አራቱን ገጽ ቁረጪ። አታሻሽዪው፣ ቁረጪው፣ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጪው፣ ልብሽ እንዳያዝን። ከውስጡ የምትወጃቸውን ሁለት ሦስት መስመሮች ብታገኚ፣ ገልብጠሽ ለአያ ታከለ ስጪው። አዛሉን ከምዕራፍ ሁለት አምጥተሽ የእሷንና የሱን ምሽት እዚህ ዘርጊው፣ ሙሉቀን ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይስማ። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ለጓደኞችሽ አይደለም፣ እነሱ መምህራን ናቸው፣ ከአንቺ ጋር አስቀድመው ተስማምተዋል። ለእናትሽ ወይ ለአክስትሽ አንብቢላት፣ ለተዝካር ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ትሁን። የት ላይ እንደምታቋርጥሽ ምልክት አድርጊ። ሙሉቀንን «ጎበዝ ልጅ ነው» ብላ ካመሰገነችው ገና ነው፣ ተመልሰሽ ቁረጪ። አያ ታከለ ተናግሮ ሲጨርስ «እሱስ እውነቱን ነው» ካለች፣ ቀጥሎም ስለ ቦራ ስታነቢላት ዝም ካለች፣ ያንን ምዕራፍ ከእንግዲህ አትንኪው።